ሞተሩ ተቀየረ፤ ጉልበቱስ የት ቀረ?

ከአዲስ አበባ ወደ ቢቸና ወይም ወደ ሞጣ የሚሄድ መኪና ጎሐ ጽዮን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮም ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥቶ ደጀን ይገባል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ዳገቱ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶችም ጉዳይ ሆኗል። 2 ቶን የሚመዝን መኪና 1 ሺህ ሜትር ሽቅብ ለማውጣት ብቻ 5.4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በቢቸናና በሞጣ ከፍታ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይተነፍስ ደጋው አይበግረውም። እሱን የሚይዘው የኃይል ገደብ ነው።

ባትሪው፣ የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ የሚያስማማው ኢንቨርተርና ሞተሩ እያንዳንዳቸው የሚችሉትን መጠን ያሳውቃሉ፤ የመኪናው ኮምፒውተር ደግሞ ከሁሉም ትንሹን ይመርጣል። ፈጣን በሬ ከዘገምተኛ ጋር ቢጠመድ እርሻው የሚሄደው በዘገምተኛው ልክ ነው። አዲስ ሞተር ተገጥሞለት ለውጥ ያላሳየ መኪና ምስጢሩ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

ኒሳን ሊፍ የተባለውን የኤሌክትሪክ መኪና እንይ። ባለ 24 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪው 80 ኪሎዋት፣ ባለ 40ው 110፣ ከዚያ የሚበልጠው ደግሞ 160 ኪሎዋት ያወጣል። የኋለኞቹ ሞተር በመሠረቱ ያው ሆኖ ልዩነቱ በኢንቨርተሩና በባትሪው ላይ ነው። 350 ቮልት ያለው ባትሪ ከ300 አምፔር በላይ እንዳይሰጥ ከተገደበ ጣሪያው 105 ኪሎዋት ነው፤ ጭነት በዝቶ ቮልቱ ወደ 320 ሲወርድ ደግሞ 96 ብቻ ይቀራል። 150 ኪሎዋት የሚችል ሞተር ቢገጠምለትም ከዚህ አያልፍም።

ስለዚህ መካኒኩ ሞተሩን ከመፍታቱ በፊት የምርመራ ማሽኑን ሰክቶ፣ ቁጥሩን የሚያነብ ረዳት አስቀምጦ፣ መኪናውን ዳገት ላይ ይንዳ። ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ የባትሪው አምፔር ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ላይ ከቆመ ገደቡ ብዙውን ጊዜ የባትሪው ነው። አንዱ ሴል ከጓደኞቹ ተለይቶ ቮልቱ ከወረደ፣ የደከመውን ሴል አዲስ ሞተር አያድነውም።

ጉልበቱ መጀመሪያ ጥሩ ሆኖ ከደቂቃዎች በኋላ ከቀነሰ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ሙቀት ነው። ሞተሩ ሲቀየር የማቀዝቀዣው መስመር ስለሚከፈት አየር ገብቶበት ወይም ፓምፑ ሳይሠራ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የደጋው ስስ አየርም ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያነሰ ነው።

ባትሪው ሞልቶ፣ ሁሉም ቀዝቅዞ ሳለ ከመነሻው የሚደክም ከሆነ፣ አዲሱ ዕቃ ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር አልተዋወቀም ወይም የሞተሩን አቀማመጥ የሚያነበው ሴንሰር አልተስተካከለም ማለት ሊሆን ይችላል። በደንብ ያልጠበቀ የኬብል ቡሎንም መናቅ የለበትም፤ 1 ሚሊ ኦም ትርፍ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ (ሬዚስታንስ) 300 አምፔር ሲያልፍበት 90 ዋት ሙቀት ያመነጫል።

ባትሪው ሞልቶ ቁልቁለት የሚጀምር መኪና ወደ ባትሪ የሚመልሰው ኃይል መገደቡ ግን ብልሽት አይደለም፤ ሹፌሩ ፍሬኑን ጠንቅቆ ይያዝ።

ብርቱካናማዎቹ ኬብሎች የሚነኩት የከፍተኛ ቮልት መስመሩ ተቋርጦ፣ ቮልት አለመኖሩ በመሣሪያ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው። ገደቡን በሶፍትዌር ማታለልም ባትሪውን ለቃጠሎ ማጋለጥ ነው። ሞተር ለመለወጥ ያሰቡ ሁሉ አስቀድመው ባትሪያቸው ስንት አምፔር እንደሚሰጥ ይጠይቁ፤ ትርፍ ከሌለው ገንዘባቸውን ለባትሪው ያቆዩት።