ከማጥፋት በፊት ማንበብ፦ የኤስኢሊኑክስ ክልከላዎችን መንስኤ ስለ መለየት

በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ያለ ድረ ገጽ ፋይሉ በቦታው እያለ፣ የንባብ ፈቃዱም ለሁሉም ተሰጥቶ ሳለ «አልተፈቀደም» የሚል ምላሽ ሲሰጥ፣ ብዙ የሲስተም አስተዳዳሪዎች ኤስኢሊኑክስን ያጠፋሉ። ገጹም ወዲያው ይከፈታል። ነገር ግን በዚያው ሰርቨር ላይ የተማሪዎች ውጤት የተመዘገበበት ዳታቤዝ ካለ፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እርሱም የሚጠበቀው በተራው የፋይል ፈቃድ ብቻ ይሆናል። ክልከላው ግን አብዛኛውን ጊዜ መንስኤውን ራሱ ይናገራል።

ኤስኢሊኑክስ በአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2000 ለሕዝብ የተለቀቀ፣ በ2003 ደግሞ በሊኑክስ ከርነል 2.6 ውስጥ የተካተተ አስገዳጅ የመዳረሻ ቁጥጥር ሥርዓት ነው። በተለመደው አሠራር ፋይሉን ማን እንደሚያነበው የሚወስነው ባለቤቱ ነው። እዚህ ግን እያንዳንዱ ፋይልና በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም መለያ ይሰጠዋል፤ የትኛው መለያ በየትኛው ላይ ምን ማድረግ እንደሚችል ፖሊሲው ይደነግጋል፤ በግልጽ ያልተፈቀደ ሁሉ የተከለከለ ነው። ተራው ፈቃድ ግን ቀድሞ ይመረመራል። እርሱ ከከለከለ ጥያቄው ወደ ኤስኢሊኑክስ ስለማይደርስ በኦዲት መዝገቡ ላይ አይገኝም። ስለዚህ መዝገቡ ባዶ ከሆነ አስቀድሞ ተራውን ፈቃድ ማየት ይገባል።

በመዝገቡ ላይ ሦስት ነገሮች ይፈለጋሉ፦ የጠያቂው መለያ፣ የተጠየቀው ነገር መለያና የተከለከለው ድርጊት። አንድ ባለሙያ ገጹን በራሱ የቤት ማውጫ አዘጋጅቶ «ኤምቪ» በተባለው ትእዛዝ ወደ ዌብ ሰርቨሩ ማውጫ ቢያዛውረው፣ ፋይሉ የቀድሞ መለያውን ይዞ ይሄዳል። መዝገቡም ጠያቂውን «ኤችቲቲፒዲ_ቲ»፣ ፋይሉን «ዩዘር_ሆም_ቲ» ይለዋል። በዌብ ሰርቨሩ ማውጫ ውስጥ የተቀመጠ ፋይል የግል ቤት መለያ መያዙ ራሱ መልሱ ነው፤ የተሳሳተው ሕጉ ሳይሆን መለያው ነው። «ሪስቶርኮን» የተባለው ትእዛዝ ፋይሉ ላለበት ቦታ የተመደበውን መለያ ይመልስለታል። ገጹ ባልተለመደ ማውጫ የሚቀመጥ ከሆነ ግን ቦታው አስቀድሞ በ«ሴማኔጅ» መመዝገብ አለበት። «ሲኤችኮን» ፈጣን ቢመስልም ለውጡ በፖሊሲው ስላልተመዘገበ በሚቀጥለው የመለያ እድሳት ይጠፋል።

መለያው ትክክል ሆኖ ክልከላው ከቀጠለ፣ ፖሊሲው ራሱ ማብሪያና ማጥፊያ ያዘጋጀላቸው ጉዳዮች አሉ፤ ዌብ ሰርቨሩ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ካለ ዳታቤዝ ጋር እንዲገናኝ መፍቀድ አንዱ ነው። የኤስኤስኤች አገልግሎትን ከ22 ወደ 2222 ፖርት ያዛወረ ሰው ደግሞ አዲሱን ፖርት በ«ሴማኔጅ» ማስመዝገብ ይኖርበታል።

እጅግ አደገኛ የሚመስለኝ «ኦዲት ቱ አላው» የተባለው መሣሪያ ያለ ምርመራ ሲሠራበት ነው። መሣሪያው የተመዘገበውን ክልከላ ወደ ፈቃድ ሕግ ይቀይራል፤ ክልከላው ተገቢ መሆን አለመሆኑን ግን አይመረምርም። ከላይ ባየነው ምሳሌ የሚያወጣው ሕግ ዌብ ሰርቨሩ ያቺን አንዲት ፋይል ብቻ ሳይሆን «ዩዘር_ሆም_ቲ» የሚል መለያ ያላቸውን ፋይሎች ሁሉ እንዲያነብ፣ በኤስኢሊኑክስ በኩል መንገዱን ይከፍትለታል። ገጹ ተከፈተ ተብሎ ሥራው ያልቃል፤ ሕጉ ግን በሰርቨሩ ላይ ይቀራል። መሣሪያው የሚጠቅመው መለያው፣ ማብሪያ ማጥፊያውና ፖርቱ ተመርምረው ፖሊሲው በእርግጥ እንደሚጎድለው ሲታወቅ ነው።

ለምርመራ ሲባል ቁጥጥሩን ማላላት ካስፈለገም፣ የአንዱን አገልግሎት መለያ ብቻ እየመዘገበ የማይከለክል ማድረግ ይቻላል። ሥርዓቱ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ በዚያ ጊዜ የሚፈጠሩ ፋይሎች መለያ ስለማይሰጣቸው፣ እንደገና ሲበራ የሰርቨሩ ፋይሎች በሙሉ መለያቸው መታደስ አለበት። አንዳንድ ክልከላዎች ደግሞ መዝገቡን እንዳያጨናንቁ ሆን ተብሎ እንዳይጻፉ የተደረጉ ናቸው፤ እነርሱንም ለጊዜው እንዲጻፉ ማድረግ ይቻላል።

ከእነዚህ ሁሉ የተለየ አንድ ዓይነት ክልከላ አለ። መዝገቡ ዌብ ሰርቨሩ የይለፍ ቃሎች የሚቀመጡበትን ፋይል ለማንበብ መሞከሩን ቢያሳይ፣ የሚስተካከል መለያም ሆነ የሚጨመር ሕግ የለም። በዚያን ጊዜ የሚመረመረው ዌብ ሰርቨሩ ራሱና በላዩ የሚሠራው ፕሮግራም ነው፤ ሙከራውን ማን አስጀመረው የሚለው ጥያቄም በዚያው ቀን ምላሽ ሊፈለግለት ይገባል።