ክረምት ካለፈ በኋላ የማይደርቁ ግድግዳዎች

ባሕር ዳርን እንግዳ የሚያውቃት በሙቀቷ ነው። ዘንባባዋ፣ ጣና ሐይቋ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ 30 ዲግሪ የሚነካው ቀትሯ ይታወሰዋል፤ በዚህች ከተማ ስለ ብርድ የሚያወራ ሰው ቢያጋጥመው ይስቃል። ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ቤት የጥርን ሌሊት ያሳለፈ ግን አይስቅም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ይህ ብርድ ደረቅ ቤት ቢያገኝ ኖሮ በአንድ ጋቢ ይቻል ነበር። የሚያገኘው ግን ክረምቱን ሙሉ ውኃ ሲጠጣ የከረመ ግድግዳ ነው።

በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርዳል፤ ከዚያም ከግማሽ የሚበልጠው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ነው። መስከረም ሲጠባ ግቢው ይደርቃል፣ አደይ ይፈነዳል፣ ሰው ቤቱን ቀለም ይቀባል። ከአልጋው ጀርባ ያለው ልስን ግን እስከ ኅዳር ድረስ እጅ ሲነካው ይቀዘቅዛል። ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ልብስ ይሸታል፤ ጥግ ጥጉን ጥቁር ሻጋታ ይወርሰዋል፤ የሕፃናት ሳል አልለቅ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ እርጥብ ቤት አስምንና የመተንፈሻ አካላት ሕመምን እንደሚያባብስ አስፍሯል። በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሌላ መመሪያ ደግሞ በብርድ ወቅት የቤት ውስጥ ሙቀት ቢያንስ 18 ዲግሪ እንዲሆን ይመክራል። በጣና ዳር ስንት ቤት ይህን ያሟላል ብሎ የጠየቀ መሥሪያ ቤት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

በግሽ ዓባይ፣ በሰፈነ ሰላም ወይም በፋሲሎ ከቆዩት ቤቶች አንዱ ጋ ሄዶ የውጪውን ግድግዳ ከታች ጀምሮ መመልከት ብዙ ያስተምራል። ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ አብጦ ተልጧል። በተላጠው ቦታ ላይ ነጭ ጨው የመሰለ ዱቄት ወጥቷል። የሲሚንቶ ልስኑን በጣት ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ያሰማል፤ ከጭቃው ተላቋል ማለት ነው። አንዱን ቁራጭ ቢያነሡት፣ ውጪው ደርቆ አቧራ በሚነሣበት በጥቅምት ወር እንኳ፣ ከሥሩ ያለው ጭቃ በጥፍር የሚጫር እርጥብ ሆኖ ይገኛል። በውስጡ የተቀበረው የባሕር ዛፍ ማገር ደግሞ ግማሹ በስብሷል፣ ግማሹን ምስጥ ጨርሶታል።

ባለቤቱ ይህን ሲያይ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፦ «ጭቃ ቤት አይረባም።» ማዘጋጃ ቤቱም፣ ኮንትራክተሩም፣ ብሎኬት ሻጩም ይስማሙበታል። እኔ አልስማማም። ቤቱን ያበላሸው እንደ መድኃኒት የተቀባው ሲሚንቶ ነው፤ ከእሱ ጋርም ከጣሪያው የቀረው ክፈፍና ከግቢው የጠፋው የውኃ መውረጃ።

ጭቃ ቤት እንዴት እንደሚሠራ የገጠር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቀላቅሎ ለቀናት ይቦካል፣ በእግር ይረገጣል፤ ጭዱ መበስበስ ሲጀምር ጭቃውን ያጣብቀዋል። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ይሰነጣጠቃል፣ ሁለተኛው ስንጥቁን ይዘጋል፣ የመጨረሻው በእበት ወይም በአመድ ለስልሶ ይቀባል። እንዲህ ያለ ግድግዳ ውኃን አይከላከልም። ዝናብ ሲነካው ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲያገኝ ይተፋል። ዋናው ነገር መትፋት መቻሉ ነው። ቀን ከፀሐይ የወሰደውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ስለሚለቅም ብርዱን ያለዝበዋል። ይህን ግድግዳ በሲሚንቶ መለሰን መውጫውን መዝጋት ነው። ጭቃው በእርጥበትና በድርቀት ሲያብጥና ሲኮማተር ሲሚንቶው አብሮት አይሄድም፤ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው የነሐሴ ዝናብ፣ ከመሬት ወደ ላይ የሚሳበውም ውኃ፣ ከልስኑ ጀርባ ታፍኖ ይቀራል።

በሽታው የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በ1877 እ.ኤ.አ. በዊልያም ሞሪስና በጓደኞቹ የተመሠረተው የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበር፣ የጭቃና የኖራ ቤቶችን በሲሚንቶ መለሰን እንደሚያረጥባቸውና እንደሚያፈርሳቸው ለባለ ቤቶች ሲያስተምር ኖሯል። ማሊ ውስጥ የጄኔ ከተማ ሰዎች በዓለም ትልቁን የጭቃ መስጊድ በየዓመቱ እንደ በዓል ተሰብስበው ራሳቸው ይመርጉታል፤ አሁን ያለው ሕንፃ በ1907 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው፣ ቆሟል። በእኛም አገር ቢሆን ቤት መምረግ የደቦ ሥራ ነበር። ከተማ ስንገባ ደቦው ቀረ፤ «አንዴ ሲሚንቶ ቀብቶ መገላገል» የሚለው ተተካ።

ቆርቆሮን በተመለከተ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። ሣር ክዳን በየጥቂት ዓመቱ ይታደሳል፣ እሳት ይፈራል፣ አይጥና ተባይ ይገባበታል፤ በዚያ ላይ ግጦሹ ሁሉ በታረሰበት አገር የክዳን ሣር ከየት ይመጣል? ስለዚህ ሰው ቆርቆሮ ቢመርጥ አይፈረድበትም። ችግሩ ሣሩ ሁለት ሥራ ይሠራ የነበረ መሆኑ ነው፦ ዝናብም ይከለክላል፣ ብርድና ሙቀትም ይከለክላል። ቆርቆሮ የመጀመሪያውን ብቻ ይሠራል። ብረት ሙቀትን የሚያስተላልፈው ከሣር ከ500 ጊዜ በላይ ነው፤ በ35 ጌጅ ቆርቆሮ ሥር የሚኖር ሰው ቀን እንደ ምጣድ ላይ እንጀራ ነው፣ ሌሊቱን ደግሞ ሜዳ ላይ እንደ ማደር ይቆጥረዋል።

አንድ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር እዚህ ላይ አለ። በጥር፣ ጠብታ ዝናብ ሳይኖር፣ ሌሊት ከጣሪያው ውኃ ይንጠባጠባል። ባለ ቤቱ «ቆርቆሮው ተበስቷል» ብሎ አናጢ ይጠራል፣ ምስማር ያስቀይራል፣ አንዳንዱም ቆርቆሮውን ሙሉ ይለውጣል። ውኃው ግን ከውጪ የመጣ አይደለም። ሰማዩ በጠራ ሌሊት ቆርቆሮው ከአየሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ የተኙት ሰዎች ትንፋሽና የራት ማብሰያው እንፋሎት ወደ ላይ ወጥቶ እዚያ ላይ ጤዛ ይሆናል፣ ተጠራቅሞ ይወርዳል። አዲስ ቆርቆሮ ይህን አያድንም። የሚያድነው ከሥሩ ያለ ኮርኒስና በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል የሚመላለስ አየር ነው።

የድሃው ኮርኒስ የታወቀ ነው፦ ተተርትሮ የተሰፋ የማዳበሪያ ጆንያ፣ በኖራ ወይም በነጭ ቀለም የተቀባ። አይጦች ሌሊቱን ሲሯሯጡበት እንቅልፍ የሚነሣ፣ ሲቆይም የሚዘብጥ ነው፤ ቢሆንም ንቀት አይገባውም። በርካሽ ዋጋ አየር አግቶ በጥር ሌሊትና በሚያዝያ ቀትር ልዩነት ያመጣል። የተሻለም ቅርብ ነው። በአዊ፣ እንጅባራ አካባቢ የደጋ ቀርቀሃ ይበቅላል፤ ተሰንጥቆ ሲታታ ጠንካራ ኮርኒስ ይወጣዋል። ሐይቁ ዳር ደግሞ ነገደ ወይጦዎች ታንኳ የሚሠሩበት፣ ምንጣፍ የሚጎነጉኑበት፣ ጎጇቸውንም የሚያለብሱበት ደንገል አለ። ደንገል ውስጡ አየር የሞላው ስፖንጅ መሰል ነው፤ ታንኳውን የሚያንሳፍፈው ያው አየር ብርድንም ይከላከላል። ዛሬ ደንገሉ በእርሻና በእምቦጭ አረም መካከል ተጨንቋል፤ የጣና ሐይቅ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ቢመዘገብም። የደንገል ዳርቻ ቢመለስ ለዓሣው መራቢያ፣ ለወይጦው መተዳደሪያ፣ ለከተማው ቤትም ኮርኒስ ይሆን ነበር።

ጭቃ ውኃ ዳር አይቆምም ለሚል ሰው መልሱ ሐይቁ ላይ ነው። የዘጌን ኡራ ኪዳነ ምሕረት የመሰሉ ክብ አብያተ ክርስቲያናት በጫካና በውኃ ተከበው ለዘመናት ኖረዋል። አሠራራቸውን ልብ ብሎ ለሚያይ የእርጥበት ትምህርት ቤት ናቸው። ሥዕል ያለበት የመቅደስ ግድግዳ መሐል ላይ ነው፤ በዙሪያው ቅድስት፣ በዚያም ዙሪያ ቅኔ ማኅሌት ይዞራል፤ ጣሪያው ከሁሉ በላይ ተርፎ ወደ ውጪ ይዘረጋል። ዝናብ ወደ ሥዕሉ ለመድረስ ብዙ መንገድ አለበት። ሥዕሎቹ በጨርቅ ላይ ሆነው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ስለሆኑ ትንሽ ፍሳሽ እንኳ ያነሣቸዋል፤ እዚያ የጣሪያ ጉዳይ ከቤት ጉዳይ በላይ የቅርስ ጉዳይ ነው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በደቅ ደሴት ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ደግሞ በድንጋይና በኖራ ነው። ኖራም እንደ ጭቃው እርጥበትን ያስተነፍሳል።

አሁን የከተማውን ቤት ከዚህ ጋር ያነጻጽሩት። ክፈፉ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አያልፍም፤ ቆርቆሮ ለመቆጠብ ነው። አሸንዳ የለም፤ ካለም ውኃውን የሚያፈሰው እዚያው ግድግዳው ሥር ነው። መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ከፍ ስላለ የቆየው ቤት ጉድጓድ ውስጥ ቀርቷል፤ ድሮ ከመሬት ከፍ ይል የነበረው የመሠረቱ ውኃ ልክ ተቀብሯል። መሬቱ ዋልካ ከሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ከላይ ያለውን ግድግዳም ይሰነጥቃል። ከሐይቁ በስተምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ ሰው ይህን ይበልጥ ያውቀዋል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ሲያፈናቅሉ ቀናት ውኃ ውስጥ የቆመ ጭቃ ቤት ምን እንደሚሆን ታይቷል። ቆሞ የሚያድር ውኃን ጭቃ አይችልም። ይህ እውነት ነው።

ታዲያ ቤቱ ለምን አይጠገንም? እዚህ ላይ ነገሩ ከአናጢነት ወደ አዋጅ ይሸጋገራል። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። እነዚያ በአብዛኛው የጭቃ ቤቶች ነበሩ። ኪራዩ በዚያው ዝቅተኛ መጠን ቆየ፤ ለተከራዩ በጎ ነበር፣ ለቤቱ ግን የጥገና ገንዘብ አልተረፈለትም። ተከራዩ ራሱ ልጠግን ቢል ፈቃድ ይጠየቃል፤ ፈቃድ ቢያገኝም ያወጣው ገንዘብ አይታሰብለትም፤ ከዚያም «ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ታጭቷል» የሚል ወሬ ይመጣል። በሚፈርስ ቤት ላይ አሸንዳ የሚሰቅል ማን ነው? ወሬው አሥር ዓመት ይቆያል፣ ቤቱም በዚያው ልክ ይረጥባል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በዋናነት ያየው አዲስ ግንባታን ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ግን ከከተማ ቤቶች የሚበዙት ግድግዳቸው እንጨትና ጭቃ ነበር። ሕጉ አንድ ቦታ፣ ሕዝቡ ሌላ ቦታ ነው ያሉት።

ጥገናው ቅደም ተከተል አለው፣ ቅደም ተከተሉም ከወጪው ይበልጣል። መጀመሪያ ውኃውን ከቤቱ ማራቅ፦ ክፈፉን ቢያንስ ግማሽ ሜትር ማስረዘም፣ አሸንዳ መስቀል፣ በግድግዳው ዙሪያ የተከመረውን አፈር ጠርጎ ወደ ውጪ የሚያዘነብል ቦይ ማውጣት፣ ጠጠር መሙላት። ቀጥሎ ከታች ያለውን የሲሚንቶ ልስን አንሥቶ ጭቃው አንድ በጋ ሙሉ እንዲደርቅ መተው፤ በችኮላ መልሶ መለሰን ሁሉን ያበላሻል። ከደረቀ በኋላ በጭድ ጭቃ መርጎ በኖራ መቀባት። ኮርኒሱ ከዚያ በኋላ ነው፣ ከላዩ በግራና በቀኝ ትንሽ የአየር ማስተላለፊያ ቀዳዳ ተትቶለት። እርጥብ ግድግዳ ላይ ኮርኒስና ፕላስቲክ የሚጭን ሰው ለሻጋታ ቤት እየሠራ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልናገር አላልፍም። ብርድ የበዛበት ሰው መስኮቱን በጨርቅ ወትፎ ከሰል አቀጣጥሎ ይተኛል። የተዘጋ ቤትና የከሰል ጭስ አብረው ሰው ገድለዋል፣ አሁንም ይገድላሉ። ቤት ሲሞቅ ከሰሉ ደጅ ይደር።

የከተማው አስተዳደር ሊያደርገው የሚችለው ነገር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ለቀበሌ ቤት ተከራዮች የአሸንዳ፣ የቦይና የኮርኒስ ጥገና ያለ ምልልስ ይፈቀድ፤ ያወጡት ከኪራያቸው ይታሰብላቸው፤ ሰፈሩ የሚፈርስ ከሆነም ቀኑ በጽሑፍ ይነገራቸው። ባለ ቤቶችም ዘንድሮ ሲሚንቶ ከመግዛታችሁ በፊት አሸንዳ ግዙ፤ ሥራውም ከግንቦት በፊት ይለቅ፣ ሰኔ ከገባ ጭቃ አይደርቅም።