ታይላንድ ሳንሄድ፦ ሾላ ገበያ፣ ዋሻ ሚካኤልና እንጦጦ በአንድ ቀን

ባቡር በመሃሉ የሚያልፍበትን የታይላንድ ገበያ ቪዲዮ ሳታዩት አትቀሩም። ባቡሩ ሲደርስ ነጋዴዎቹ የጸሐይ መከላከያ ሸራቸውን ይሰበስባሉ፣ ቅርጫታቸውን ሳብ ያደርጋሉ። ባቡሩ ቲማቲሙን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ያልፋል። ወዲያው ገበያው ተመልሶ ይዘረጋል። ቦታው ሜክሎንግ ይባላል።

ባንኮክ የደረሰ ብዙ ጎብኚ መኪና ከነሹፌሩና ከነአስጎብኚው ለራሱ ብቻ ይይዛል። ጠዋት ገበያ፣ ከሰዓት ጥንታዊ ቤተ መቅደስ። ከሚታዩት ቦታዎች አንዷ አዩታያ ናት። በ1350 እ.ኤ.አ. የተቆረቆረች የድሮ ዋና ከተማቸው ስትሆን፣ በ1767 እ.ኤ.አ. የበርማ ጦር አፈረሳት። ዛሬ ፍርስራሿ ራሱ ለብዙ ሰው እንጀራ ሆኗል።

እስቲ ወደራሳችን እንምጣ። የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ከሾላ ገበያ ተነስቶ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ጋ መድረስ የአንድ ጠዋት ጉዳይ ነው። ከሰዓት ደግሞ አዲስ አበባ ሳትቆረቆር በፊት ምኒልክና ጣይቱ የኖሩበት እንጦጦ አለ። ሁሉም በአንድ ቀን ያልቃል፣ ፓስፖርትም አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን ቀድመን እንናገር። እነዚህን ቦታዎች ያቆዩልን ሰዎች አሉ፦ መደብ ዘርግተው የሚውሉ እናቶች፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮችና ጠባቂዎች፣ የሰፈር ልጆች፣ ሸማኔዎች። እኛ ስልካችንን በፎቶ ሞልተን ተመልሰን እነሱ ምንም ካላገኙ፣ ቦታዎቹ ዛሬ ባሉበት ሁኔታ ለነገ አይደርሱም። ስለዚህ የት እንደሚኬድ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚኬድም እናወራለን።

▪️ ጠዋት 1 ሰዓት፦ ሾላ ገበያ

ሾላ ከመገናኛ ብዙም አይርቅም። መርካቶ ለአዲስ ሰው ያደናግራል፤ ሾላን ግን በአንድ ሁለት ሰዓት ተዟዙራችሁ ታዩታላችሁ። በጠዋት መሄድ ጥሩ ነው፤ ጸሐዩም አይከብድም፣ ነጋዴውም ለጨዋታ ጊዜ አለው።

መጀመሪያ አፍንጫችሁን ተከተሉ። በርበሬ ያለበት ስትደርሱ ታነጥሳላችሁ፣ ይሄ የማይቀር ነው። ቀጥሎ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም። ቅቤ ጋ ስትደርሱ “ቅቤ ስጪኝ” ብቻ አይበቃም፤ ለጋ ነው፣ መካከለኛ ነው፣ በሳል ነው ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። ለጋው አዲስ የተናጠው ነው። በሳሉ የቆየውና ሽታው የጠነከረው ነው። የትኛው ለምን እንደሚሆን ካላወቃችሁ ሻጯን ጠይቋት፣ ከዩቲዩብ የተሻለ ትነግራችኋለች። ጌሾ፣ ጀበና፣ ምጣድ፣ ዕጣንና ጧፍም አለ። የበዓል ዋዜማ ከሆነ ደግሞ ዶሮውና በጉ ሌላ ዓለም ነው።

ገበያው የራሱ ሒሳብ አለው። ቲማቲምና ሽንኩርት ብዙ ጊዜ በኪሎ ብቻ ሳይሆን በመደብም ይሸጣል። መደብ ማለት ሻጯ መሬት ላይ ከምራ “ይሄ በዚህን ያህል” የምትለው ነው። እህልና ቅመም በጣሳ ይሰፈራል። ከገዛችሁ በኋላ “ምርቃትስ?” ማለት ነውር አይደለም። ምርቃት ከሒሳቡ በላይ ጣል የምትደረግ ጭማሪ ናት፤ ሻጯ የምትሰጠው ነገ እንድትመለሱላት ነው።

መከራከርም የገበያው ወግ ነው፣ ግን ልክ አለው። “እናቴ፣ ትንሽ ቀንሺልኝ” ማለትና አንድ መደብ ሽንኩርት ላይ አሥር ደቂቃ ማድረቅ ይለያያል። ያቺ ሴት የቀኑ ትርፏ የሚለካው በእነዚያ ጥቂት ብሮች ነው። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ ከሁሉ የተሻለው ማስፈቀጃ ደግሞ አንድ ነገር መግዛት ነው።

▪️ ጠዋት 3 ሰዓት፦ ዋሻ ሚካኤል

ከሾላ የካ ሚካኤል ቅርብ ነው። ዋሻ ሚካኤል ያለው በዚህ አካባቢ፣ ከእንግሊዝ ኤምባሲ በላይ ባለው ተራራ ነው። በእግር ከወጣችሁ አንድ ሰዓት ያህል መድቡ። ዳገቱ አይቀልድም፣ እየተነፈሳችሁ ውጡ።

አናቱ ላይ የሚጠብቃችሁ ሕንፃ “የተሠራ” አይደለም፤ የተፈለፈለ ነው። ልዩነቱን ለመረዳት አዩታያን አስቡ። እዚያ ሠሪው ጡብ በጡብ ላይ እየደረበ ወደ ላይ ወጣ። እዚህ ፈልፋዩ አለቱን እየቀነሰ ወደ ታች ወረደ። ግድግዳውን፣ ምሰሶውን፣ በሩን የፈጠረው በመጨመር ሳይሆን በማንሳት ነው። ጡብ ቢሳሳት ይነሳና ሌላ ይተካል፤ አለት ላይ ግን አንድ ምሰሶ በስህተት ከተቆረጠ መመለሻ የለውም። ስለዚህ የመጀመሪያው መዶሻ ከማረፉ በፊት ሕንፃው በሙሉ በሰውየው ጭንቅላት ውስጥ ማለቅ ነበረበት።

ዕድሜውስ? የአካባቢው ትውፊት በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደነበሩት ወደ አብርሃና አጽብሃ ዘመን ይወስደዋል። ተመራማሪዎች አሠራሩን አይተው ወደ ላሊበላ ዘመን ወይም ከዚያ በኋላ ያመጡታል። በየትኛውም ቢሄድ አዲስ አበባን በብዙ መቶ ዓመታት ይበልጣታል። ከተማችን የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። “አዲስ አበባ አዲስ ከተማ ናት፣ ጥንታዊ ነገር የላትም” የሚላችሁ ሰው ካለ፣ ይዛችሁት ወደ የካ ተራራ ውጡ።

አሁን ወደሚያሳስበን ነገር እንምጣ። ዋሻ ሚካኤል እንደ ላሊበላዎቹ ጣሪያው ሙሉ አይደለም። ፈራርሷል፣ ክረምት ሲገባም ውኃ ይቋጥራል። የአለት ሕንፃ ትልቁ ጠላት ውኃ ነው፤ ወደ ስንጥቁ ይገባል፣ ድንጋዩን ያላላል፣ በቀጣዩ ክረምት ስንጥቁ ይሰፋል። የዛፍ ሥር ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ላሊበላ ላይ አንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ከላይ መጠለያ የተሠራላቸውም ከዝናብ ለመከላከል ነው።

ስለዚህ እዚያ ስትደርሱ ግድግዳው ላይ አትውጡ፣ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥላችሁ ቪዲዮ አትሥሩ፣ ስማችሁን አትጻፉ። “እኔ ብቻዬን ምን አጠፋለሁ?” አትበሉ፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣውም እንደዚያው ነው የሚለው። ምርጡ ወቅት ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው። ክረምት ላይ መንገዱም ጭቃ፣ ሕንፃውም ኩሬ ነው።

ብቻችሁን ደግሞ አትውጡ። መንገዱን የሚያውቅ የሰፈር ልጅ ያዙ፣ ሒሳቡን ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ፣ ስትመለሱ በደስታ ክፈሉ። ታይላንድ ላይ “የግል ጉብኝት” የሚባለው ነገር ዋጋው ያለው መኪናው ላይ ብቻ አይደለም፤ ቦታውን የሚያውቅ ሰው አብሮ መሄዱ ላይ ነው። እዚህም እንደዚያው።

▪️ ከሰዓት 8 ሰዓት፦ እንጦጦ

ከተራራው ወርዳችሁ ምሳ ብሉ። ከዚያ በስድስት ኪሎ በኩል፣ ሽሮ ሜዳን አልፋችሁ ወደ እንጦጦ ማርያም በመኪና ውጡ። ይሄኛው ክፍል ጉለሌ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። ጃኬት ያዙ፦ የመሃል ከተማው ከፍታ ወደ 2,350 ሜትር ነው፣ የእንጦጦ አናት ደግሞ ወደ 3,200 ሜትር። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ላይኛው ከታችኛው በ5 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ትንሽ ሮጣችሁ ብዙ ካለከለካችሁም አትደንግጡ፣ አየሩ ስለሚሳሳ ነው።

ምኒልክ በ1870ዎቹ እንጦጦ ላይ የከተሙት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ከፍታ ለመከላከል ይመቻል። ሁለተኛው፣ የጥንት ነገሥታት ከተማ እዚያ ነበር የሚል ትውፊት ስለነበረ ነው። ትውፊቱ ዝም ብሎ ወሬ አይደለም፤ ተራራው ላይ ከምኒልክ በፊት የነበረ የድንጋይ ምሽግ ፍርስራሽ ይገኛል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፍራ ማውሮ የተባለው የቬኒስ መነኩሴ በሠራው የዓለም ካርታ ላይ ባራራ የምትባል ከተማ አለች። የዛሬ ተመራማሪዎች ባራራን ከፈለጉባቸው ቦታዎች አንዱ ይሄው የእንጦጦና የየካ አካባቢ ነው።

ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው የተቀቡት እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም.። ከቤተ ክርስቲያኗ አጠገብ የኖሩበት ግቢ አለ። “ቤተ መንግሥት” ሲባል ወርቅና እብነ በረድ ከጠበቃችሁ ትገረማላችሁ፤ የእንጨት፣ የጭቃና የሣር ክዳን ሥራ ነው። ሙዚየሙ ውስጥ የነገሥታቱ አልባሳትና ዕቃዎች ይታያሉ። ወረድ ብሎ ባለው መንገድ ደግሞ ስምንት ማዕዘን ያለው እንጦጦ ራጉኤል አለ፤ አጠገቡም ከአለት የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን።

ታዲያ ለምን ወረዱ? እንጦጦ ይቀዘቅዛል፣ ማገዶውም አልቆ ነበር። ጣይቱ ፍልውኃ አካባቢ ያለውን ሜዳ ወደዱት፣ ከተማዋም ወደ ታች ወረደች። ማገዶው ግን ታችም ማለቅ ጀመረ፤ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዞሩ ሁሉ ጀምረው ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ ስለሚያድግ ችግሩን አቃለለ፣ አዲስ አበባም በቦታዋ ጸናች። ዛሬ እንጦጦ ላይ ለፎቶ የምትቆሙበት ደን ይሄው ነው።

ጊዜ ከተረፋችሁ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ አለ፤ ቡና ይዞ ከተማዋን ከላይ ማየት ነው። ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የእንጦጦ የኅዋ ምልከታ ማዕከልም እዚሁ ተራራ ላይ ነው።

▪️ መንገድ ላይ የምታገኟቸው ሴቶች

ስትወርዱ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ወገባቸው የጎበጠ ሴቶች ታያላችሁ። ከነሱ ብዙዎቹ እናቶች ናቸው፣ አንዳንዶቹ ገና ልጆች። ያ ሸክም ከተማዋን ያቆማት ባሕር ዛፍ ነው፣ ዛሬም የስንቱን ምጣድ ያሞቃል።

ስልካችሁን አታውጡ። ድካማቸው የናንተ ቪዲዮ ማድመቂያ አይደለም። መንገድ ልቀቁላቸው፣ “በርቱ” በሏቸው። መርዳት ከፈለጋችሁ ከዚህ ሥራ ወጥተው በሽመና የተደራጁ ሴቶች እዚሁ እንጦጦ ሥር አሉ፤ የሠሩትን ሻርፕ ግዙ።

▪️ 11 ሰዓት፦ ሽሮ ሜዳ

ቀኑ በገበያ ተጀምሮ በገበያ ያልቃል። ሽሮ ሜዳ ነጠላ፣ ጋቢ፣ የሀበሻ ቀሚስ የሚገዛበት ነው። አካባቢው ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ለብዙ ዘመን የኖሩበት ሰፈር ነው፤ “የዶርዜ ሥራ” የምንለው ጥበብ ከነሱ ጋር ነው የመጣው። በእጅ የተሸመነና ከፋብሪካ የመጣ ጨርቅ ጎን ለጎን ስለሚሰቀል፣ “የእጅ ነው?” ብላችሁ ጠይቁ፣ ጠርዙንም እዩት። የእጁ ትንሽ ይወደዳል፤ ልዩነቱ ግን የሸማኔው ቀን ነው።

▪️ ከመነሳታችሁ በፊት

✔️ ሦስት አራት ሆናችሁ መኪና ለቀኑ ያዙ። ዋጋውንም፣ ሹፌሩ የሚጠብቅበትን ሰዓትም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

✔️ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነጠላና ሙሉ ልብስ፣ ውስጥ ስትገቡ ጫማ ማውለቅ። በቅዳሴ ሰዓት ስልክ ኪስ ውስጥ ይሁን። ፎቶ ከመነሳቱ በፊት ይጠየቅ።

✔️ ወር በገባ በ1 ራጉኤል፣ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም ናቸው። በነዚህ ቀናት ቦታዎቹ በምእመን ይሞላሉ። ለመሳለም ከሆነ ግሩም ነው፣ ለመጎብኘት ከሆነ ሌላ ቀን ምረጡ።

✔️ ዝርዝር ብር ያዙ። ለመግቢያ፣ ለአስጎብኚ፣ ለመደብ ሁሉም ቦታ ዝውውር አይሠራም።

✔️ ውኃ፣ ጃኬት፣ የሚያዝ ጫማ። ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

✔️ ሳይጨልም ከእንጦጦ ውረዱ። ደኑ ውስጥ ማታ ጅብ አለ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ማታ ቤት ስትገቡ ኮረሪማው ከቦርሳችሁ ይሸታል፣ እግራችሁ ይዝላል። ሾላ ላይ የገዛችሁላት ሴት፣ የካ ተራራ ላይ የመራችሁ ልጅ፣ ሽሮ ሜዳ ላይ ያለው ሸማኔ ደግሞ ከቀናችሁ ድርሻቸውን አግኝተዋል። ዋሻ ሚካኤልም እንዳገኛችሁት ይቆያል። ከናንተ በኋላ ለሚወጣው ሰው የምንጠይቃችሁም ይሄንኑ ነው።