ለመናገሻ ጉዞ የትኛው ይሻላል? ፊልም ካሜራ ወይስ ዲጂታል?

የአዲስ አበባ ቤተሰብ ሩቅ ሳይሄድ አየር የሚለውጥባቸው ቦታዎች አሉት። በሰበታ በኩል የመናገሻ ሱባ ደን፣ በቡራዩ በኩል ገፈርሳ፣ እንጦጦን ተሻግረው ሲወርዱ ደግሞ የሱሉልታ ሜዳ ይገኛል። ቅዳሜ ጠዋት ምሳ ዕቃው፣ ምንጣፉና የልጆቹ ሹራብ መኪና ውስጥ ይገባሉ። ካሜራውስ? ብዙዎቻችን ስልካችንን ኪሳችን ውስጥ ከትተን ጉዳዩን እንዘጋዋለን። ፎቶ የሚወዱት ዲጂታል ካሜራቸውን ይይዛሉ። አንዳንድ ወጣቶች ደግሞ የአባታቸውን ወይም የአጎታቸውን አሮጌ ፊልም ካሜራ ከቁም ሳጥን አውጥተው አቧራውን እያራገፉ ነው።

የትኛው ይሻላል? መልሱ የሚወሰነው በሦስት ነገሮች ነው፦ በምትሄዱበት ቦታ ብርሃን፣ በኪሳችሁ፣ እንዲሁም ፎቶዎቹ ከዓመታት በኋላ እንዲገኙ በምትፈልጉበት ቦታ።

ደኑና ሜዳው አንድ አይደሉም

የመናገሻ ሱባ ደን በወጨጫ ተራራ ላይ ያረፈ ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ረጃጅሞቹ ጥዶችና ዝግባዎች ሰማዩን ስለሚሸፍኑት፣ ውጭ ፀሐይ ቢያቃጥልም ከሥራቸው ድንግዝግዝ ነው። ጉሬዛው ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ይዘላል፤ የምኒልክ ድኩላ ደግሞ ታየ ሲባል ይሰወራል። እንዲህ ባለ ቦታ ፊልም ይቸገራል። ፊልም ብርሃን የመቀበል አቅሙ ከፋብሪካ ሲወጣ የተወሰነ ነው። አይኤስኦ 200 የሆነ ፊልም ከጫናችሁ 36ቱም ፎቶ በ200 ነው የሚነሣው። በዲጂታል ግን ለእያንዳንዱ ፎቶ አይኤስኦውን መለወጥ ይቻላል፤ ሜዳው ላይ 100 የነበረውን ዛፉ ሥር 3200 አድርጎ እየሸሸ ያለ ድኩላ ማንሣት ቀላል ነው።

የሱሉልታ ሜዳ ሌላ ነው። በመስከረም ሜዳው በአደይ አበባ ሲሸፈን፣ ፈረሶችና ከብቶች ሲግጡ፣ ሯጮች በጠዋት ጤዛ ልምምድ ሲሠሩ ብርሃኑ ከበቂ በላይ ነው። እዚህ ላይ ፊልም ይደምቃል። በተለይ ባለ ቀለም ኔጋቲቭ ብርሃን ሲበዛበት ይታገሣል፤ የነጭ ጋቢ እጥፋትና የደመና ቅርጽ አይጠፋበትም። ዲጂታል ግን ነጩ አንዴ ከነጣ በኋላ የሚመልሰው የለም። ስለዚህ የሚያነሡትን ነጭ ነገር አይተው በዲጂታል ትንሽ ማጨለም፣ በኔጋቲቭ ፊልም ደግሞ ትንሽ ማብራት የቆየ ምክር ነው።

በሁለቱም ካሜራ የሚሠራው ሰዓቱን መምረጥ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላም ከ10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ብርሃኑ ለስላሳ ነው። በ6 ሰዓት ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን የሰው ዓይን በጥላ ይዋጣል። ያኔ ልጆቹን ጥላ ውስጥ አስገብቶ ማንሣት ነው።

የብርሃን መለኪያው ለሞተበት ካሜራ

አሮጌ ካሜራ ያገኙ ሰዎች የመጀመሪያ ችግር የብርሃን መለኪያው አለመሥራቱ ነው። ይህ ካሜራውን ለመጣል አያበቃም። ፀሐይ ፍንትው ባለችበት የሌንሱን ቀዳዳ 16 ላይ አድርጉ፤ ፍጥነቱን ደግሞ ከፊልሙ አይኤስኦ ጋር አቀራርቡ። ፊልሙ 200 ከሆነ 1/250፣ 400 ከሆነ 1/500 ማለት ነው። ሰማዩ በደመና ከተሸፈነ ቀዳዳውን 5.6፣ ገላጣ ጥላ ውስጥ ደግሞ 4 ላይ አድርጉት። ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ ቀዳዳውን እስከሚከፈትበት ከፍቶ ፍጥነቱን መቀነስ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ፍጥነቱ ከ1/60 በታች ሲወርድ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ዛፍ ወይም ድንጋይ ተደግፋችሁ አንሡ። ለሱባ ጉዞ ፊልም የምትገዙ ከሆነ 400፣ ለሱሉልታ ደግሞ 200 ይበቃል።

የገንዘቡ ነገር

ዲጂታል ካሜራ ወጪው መጀመሪያ ላይ ነው። ካሜራውና ሚሞሪ ካርዱ ከተገዙ በኋላ አንዱም መቶውም ፎቶ ዋጋው እኩል ነው። 64 ጊጋባይት ካርድ በተለመደው የጄፔግ ጥራት በሺዎች የሚቆጠሩ ፎቶዎች ይይዛል። የፊልሙ የተገላቢጦሽ ነው። አሮጌው ካሜራ በነጻ ሊገኝ ይችላል፤ ነገር ግን ቁልፉ በተጫነ ቁጥር ገንዘብ ይወጣል። ፊልሙ ይገዛል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ ይታተማል ወይም ወደ ኮምፒውተር ይገባል። ፊልም በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ በመሆኑም፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ መወሰን ከጀመረ ወዲህ ብር ሲዳከም ፊልሙም አብሮ ይወደዳል።

ከዋጋው በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ፦ ማን ያጥበዋል? ባለ ቀለም ፊልም በ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሙቀቱ ሳይዛነፍ በኬሚካል የሚታጠብ ነው። በየሰፈሩ የነበሩት ፎቶ ቤቶች አብዛኞቹ ወደ ዲጂታል ኅትመት ዞረዋል። ስለዚህ ፊልሙን ከመግዛታችሁ በፊት የሚያጥብላችሁን ሰው አግኙ። ጥቁርና ነጭ ፊልም ከሆነ ጨለማ ቦታ፣ ትንሽ ማጠቢያ ታንክና ኬሚካሎቹ ካሉ ቤት ውስጥም ይታጠባል። የሚያጥብ ካላገኛችሁ ግን ዲጂታሉን ያዙ፤ ያልታጠበ ፊልም መሳቢያ ውስጥ እየቆየ ይበላሻልና።

ክረምት፣ አቧራና አውሮፕላን

ከሰኔ እስከ መስከረም እነዚህ ቦታዎች ጭጋግና ዝናብ ናቸው። እርጥበት የፊልምም የዲጂታልም ሌንስ ላይ ሻጋታ ያበቅላል፤ በጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ከካሜራው ጋር አስቀምጡ። በበጋ ደግሞ አቧራው ይመጣል። ዲጂታል ካሜራ ላይ ሌንስ ስትቀይሩ ለነፋስ ጀርባ ስጡ፤ የምስል መቀበያው ላይ ያረፈች አቧራ እስክትጸዳ ድረስ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ነጥብ ሆና ትታያለች።

ጉዞው ወደ ላሊበላ ወይም ወደ ባሕር ዳር በአውሮፕላን ከሆነ ፊልም የእጅ ሻንጣ ውስጥ ይግባ። ለጭነት የሚሰጥ ሻንጣ የሚያልፍበት ኤክስሬይ ጠንካራ ስለሆነ ፊልም ይጎዳል። በአንዳንድ አውሮፕላን ማረፊያዎች የእጅ ሻንጣ የሚፈትሹት አዳዲስ መሣሪያዎችም ይጎዱታልና በእጅ እንዲፈተሽ በትሕትና ጠይቁ።

ሰው ስናነሣ

በመንገዳችን ላይ እረኞች፣ ገበሬዎች፣ ከእንጦጦ ቅጠልና እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ያጋጥሙናል። ሸክም ያጎበጠውን ሰው ሳይጠይቁ ማንሣት ነውር ነው። «እማማ፣ ባነሣዎት ቅር ይልዎታል?» ብሎ መጠየቅ ልጆቻችንም ከእኛ የሚማሩት ነው። ዲጂታል እዚህ ላይ ጥቅም አለው፤ ፎቶውን ወዲያው ያሳያሉ፣ ካልወደዱት ይጠፋል። የፊልሙ ሰው የሚያሳየው ነገር የለውም። የታተመ ፎቶ ይዞ ለመመለስ ቃል ከገባ ግን ይመለስ።

ከ30 ዓመት በኋላ

ትልቁ ጥያቄ ይኸኛው ነው። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶ ያነሡ የነበሩት የአርመኖቹ የቦያጂያን ቤተሰብ ሥራዎች ዛሬም የሚታዩት በመስታወት፣ በፊልምና በወረቀት ላይ ስለቀሩ ነው። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተሰኘው የፎቶ መጽሐፍም የተሰበሰበው ከተራ ቤተሰቦች አልበም ነው። የሠርግ፣ የምርቃትና የሽርሽር ፎቶዎቹ ማንም ሳያስብላቸው ካርቶን ውስጥ አሥርት ዓመታት ኖረዋል።

የእኛ ልጆች ፎቶስ የት ነው? አብዛኛው ስልክ ውስጥ ነው። ስልኩ ሲሰረቅ ወይም ውኃ ውስጥ ሲወድቅ የሦስት ዓመት ልጅነት አብሮ ይሄዳል። ዲጂታል ፎቶ ራሱ አያረጅም፤ የሚያዝበት ዕቃ ግን ይሞታል። መፍትሔው አሰልቺ ቢሆንም ይሠራል። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፤ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጥ፤ አንዱ ከቤት ውጭ፣ ለምሳሌ እኅታችሁ ጋ ባለ ሃርድ ዲስክ ወይም በኢንተርኔት ማከማቻ ይሁን። ከየጉዞው ደግሞ አሥር ፎቶ መርጣችሁ አሳትሙ። ጀርባው ላይ ቦታውን፣ ቀኑንና የሰዎቹን ስም በእርሳስ ጻፉ። አያት የሌሉበት ቀን ሲመጣ «ይህ ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ይህ ጽሑፍ ነው። ፊልም የምታነሡም ኔጋቲቩን አትጣሉ፤ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ፖስታ ውስጥ ይቀመጥ።

እንግዲህ ምን እንያዝ?

አንድ ካሜራ ብቻ የምትይዙ ከሆነ፣ በተለይም ትንንሽ ልጆችና አራዊት የሚነሡ ከሆነ ዲጂታሉ ይሻላል። የሚያጥብላችሁ ካለ ደግሞ ሁለቱን አብሮ መያዝ ይቻላል፤ ዲጂታሉ ለደኑና ለሩጫው፣ ፊልሙ ለሜዳውና ለቤተሰቡ የጋራ ፎቶ። ከፍ ላለው ልጅ አንድ ፊልም ስጡትና «36 ብቻ ነው ያለህ» በሉት፤ ከማንሣቱ በፊት ቆሞ ማየት ይጀምራል። የትኛውንም ብትይዙ ግን ካሜራውን ለአንድ ሰው ብቻ አትተዉት። ብዙ አልበሞች ውስጥ እናት የለችም፤ ሁልጊዜ የምታነሣው እሷ ናትና።