እሬት በመንዝ ደጋ፦ ድርቅ የሚችል አበባ በውኃ ለምን ይሞታል?



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንድ የራሴ ስሕተት ነው። ከዓመታት በፊት ሞላሌ በሚገኘው ግቢዬ ስድስት የእሬት ተክሎች ተክዬ በየጠዋቱ ውኃ አጠጣቸው ነበር። ክረምቱ ሲወጣ የተረፈው ከድንጋዩ ካብ ሥር የተተከለው፣ ውኃዬ እምብዛም የማይደርሰው አንዱ ብቻ ሆነ። ድርቅን የሚችል ተክል በእንክብካቤ ብዛት እንደሚሞት የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

በአገራችን በርካታ የእሬት ዝርያዎች አሉ። ከእነርሱ መካከል አሎዬ ደብራና የተባለው በሸዋና በወሎ ከፍተኛ ቦታዎች ይበቅላል፤ በተፈጥሮ ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኝም፤ ስሙም ከደብረ ብርሃን የመጣ ነው። ዝርያዎቹን መለየት የሚሻ ተማሪ ከፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ከኢንገር ኖርዳል መጽሐፍ ቢጀምር ይጠቀማል።

እሬት ድርቅን የሚቋቋመው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ በወፍራም ቅጠሉ ውኃ ያከማቻል። ሁለተኛ፣ አብዛኞቹ ዕፀዋት የቅጠላቸውን ቀዳዳዎች ቀን ሲከፍቱ እርሱ በሌሊት ይከፍታል። በቅዝቃዜው ያስገባውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአሲድ መልክ አኑሮ፣ ቀን ቀዳዳዎቹን ዘግቶ በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ያዘጋጅበታል። በዚህም ብዙ ውኃ ከመትነን ይድናል። ሥሩ ግን አየር ይፈልጋል። ክረምት ውኃ በሚቋጥረው ዋልካ መሬት ላይ ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል።

ስለዚህ በእኛ አካባቢ ዋናው ሥራ ማጠጣት ሳይሆን ውኃን ማራቅ ነው። ጠጠርና አሸዋ የበዛበትን አፈር ከፍ አድርጎ መደብ መሥራት፣ ቢቻል ተዳፋት መምረጥ ያሻል። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ለጋ ችግኝን ስለሚጎዳ፣ ቀን ሙቀት የሚይዝ የድንጋይ ካብ አጠገብ መትከል ይበጃል። ከተተከለ በኋላ አፈሩ ፈጽሞ ሲደርቅ ብቻ ይጠጣ። በበጋ ቅጠሉ ቢቀላና ቢቀጥን ተጠምቷል እንጂ አልታመመም፤ ዝናብ ሲያገኝ ይመለሳል። ከግርጌው ከለሰለሰና ከሸተተ ግን በስብሷል። ያን ጊዜ ነቅሎ የበሰበሰውን መቁረጥ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥላ ሥር ማቆየት፣ ከዚያም በደረቅ አፈር መልሶ መትከል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ብዙዎቻችን እሬት ስንፈልግ ከሜዳ ቆፍረን እናመጣለን። አንድ አበባ ያለው ተክል ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ለመንቀል ግን ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ጉዳቱም በአንዱ አይቆምም፤ አብዛኞቹ እሬቶች በራሳቸው የአበባ ዱቄት ዘር ስለማያፈሩ፣ ጎረቤቱን ያጣ ተክል ቢያብብም ይመክናል። ለአበባው ወለላ የሚመጡ ወፎችም ምግባቸውን ያጣሉ።

መፍትሔው ዘር ነው። ፍሬው ደርቆ ሊሰነጠቅ ሲል ከየተክሉ ጥቂት ወስዶ፣ የቀረውን ለሜዳው መተው፤ ዘሩን በአሸዋማ አፈር ላይ በትኖ በስሱ መሸፈን፤ እስኪበቅል ድረስ ብቻ አፈሩን ማርጠብ፤ ችግኙንም ሥር እስኪይዝ ከውርጭ መጠበቅ ነው።

የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር ለዘመናት ጠብቆ ያኖረው የሚታጨድበትንና የሚከለከልበትን ጊዜ በሥርዐት ወስኖ ነው። ለሣር የተቻለው ለአበባም አያቅትም። በየግቢያችን እሬት እንትከል፤ ሜዳውን ግን አናራቁት።