ባልጩትና ጄድ፦ የሁለት ድንጋዮች ፊዚክስ

በኮስታ ሪካ ዋና ከተማ በሳን ሆሴ የጄድ ሙዚየም አለ። እ.ኤ.አ. በ1977 የተመሠረተው ይህ ሙዚየም ኮሎምበስ አሜሪካ ከመድረሱ በፊት የነበሩ ሕዝቦች ጄድ ከተባለው አረንጓዴ ድንጋይ የሠሯቸውን ጌጦች ይዟል። የድንጋይን ጥበብ ለማየት ግን እኛ ውቅያኖስ መሻገር አያስፈልገንም። ከሰበታ አጠገብ ካለችው ዓለም ገና ተነሥተን በቡታጅራ መንገድ ብንጓዝ፣ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ዳር የመልካ ቁንጡሬን ሙዚየም እናገኛለን። በዚያ ከምናያቸው መሣሪያዎች ብዙዎቹ ከጥቁሩና ከሚያብረቀርቀው ባልጩት የተሠሩ ናቸው። ለመሆኑ ጄድ ለጌጥ፣ ባልጩት ለስለት የተመረጡት ለምንድን ነው?

መልሱ በውስጣዊ አሠራራቸው ላይ ነው። ባልጩት የተፈጥሮ መስታወት ነው። በሲሊካ የበለጸገ ቅልጥ ዓለት ሲጠጥር አተሞቹ ተደርድረው ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ አላገኙም። ስለዚህ ስንጥቅን የሚያግድ የውስጥ ድንበር የለውም። በተገቢው ቦታ ሲመታ ስንጥቁ እንደ ዛጎል ገጽ ያለ ሞገድ እየተወ ያልፋል፤ ጠርዙም እጅግ ስል ይሆናል። በወፍራም የጠርሙስ ስባሪ ላይ የምናየው ሞገድም ይኸው ነው።

ጄዳይት የተባለው ጄድ በአንጻሩ እርስ በርስ የተቆላለፉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ስብስብ ነው። ስንጥቁ በየድንበሩ አቅጣጫውን ለመቀየር ስለሚገደድ ጉልበቱን ይጨርሳል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን እንለይ፦ አለመጫር ሌላ፣ አለመሰበር ሌላ ነው። አልማዝ በቀላሉ አይጫርም፤ በመዶሻ ግን ይሰበራል። ጄድም በምት ስለማይፈለጥ የጥንት ባለሙያዎች በገመድ፣ በአሸዋና በውኃ እየሞረዱ ቆርጠውታል።

የመልካ ቁንጡሬ ባልጩት ምንጭ ከዚያ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን የሚገኘው፣ በድንጋዩ ስም የሚጠራው ባልጪት ነው። የአንዱ ምንጭ ባልጩት ከሌላው የሚለየው በውስጡ ባሉት ጥቂት ንጥረ ነገሮች መጠን ነው፤ ይህም የድንጋዩን መነሻ ለማወቅ ያስችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት በዚሁ አካባቢ በሲምቢሮ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት የባልጩት የእጅ መጥረቢያዎች በብዛት ይሠሩ እንደነበር አመልክቷል። ሁለቱ ሥፍራዎች እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ይሁን እንጂ ኬሚስትሪ የድንጋዩን መነሻ እንጂ መሣሪያው የተሠራበትን ዘመን አይነግረንም። ዘመኑን የምናውቀው መሣሪያው ከተቀበረበት የአፈር ንብርብር ነው። ስለዚህ አንድ ስባሪ አንሥተን ኪሳችን ብንከት፣ ድንጋዩ በእጃችን ይቀራል፤ ታሪኩ ግን ይጠፋል። ሥፍራውን ስንጎበኝ እንመልከት፣ እንጠይቅ፤ ድንጋዩን ግን በቦታው እንተወው።