ጫጩቶቹን ከብርድ፣ ልጆቹን ከከሰል

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ግን ቁር ይሆናል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት በአዲስ አበባ ቅዝቃዜው ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች የሚወርድባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው። ደብረ ብርሃንማ ከዚህም ይብሳል። የእንቁላል ዋጋ ያስመረረው ቤተሰብ ደግሞ ጥቂት ጫጩቶች ገዝቶ ማሳደግ ይጀምራል። የ45 ቀኑን ለመግዛት አቅም ያጠረው የአንድ ቀኑን በካርቶን ይዞ ይገባል።

እናት የሌላቸው እነዚህ ጫጩቶች ላባ ስላላወጡ ሙቀታቸውን በራሳቸው መጠበቅ አይችሉም። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋሉ። ከዚያ በኋላ ላባ እስኪለብሱ ድረስ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየተቀነሰ ይሄዳል።

ታዲያ መብራት ሲጠፋ ወይም አምፖሉ ሲቃጠል አንዳንድ ሰው ካርቶኑን ቤተሰቡ ወደሚተኛበት ክፍል ያስገባና የተቀጣጠለ ከሰል አጠገቡ አስቀምጦ በሩን ይዘጋል። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ይኸው ነው።

በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት በከሰል ተመርዘው በሌሊት በሸክም የመጡ ቤተሰቦችን ተቀብያለሁ። አንዱን ቤተሰብ አልረሳውም። አባትየው ራሱን ይዞ ያስመልሰዋል፣ እናትየዋ መቆም አቅቷታል፣ የ4 ዓመት ልጃቸው ብንጠራትም አትሰማም። ልጅቷ በኦክስጅን ቆይታ ሊነጋጋ ሲል ዓይኗን ገለጠች። ከሰሉ የገባው ለጫጩቶቹ ነበር። ጫጩቶቹ ግን አንድም ሳይተርፉ ሞተው ተገኙ።

የከሰሉ መርዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ቀለምም ሽታም የለውም። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ቢጠፋም ጋዙ መውጣቱን አያቆምም። ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ሲጣበቅ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበረታል። የተኛ ሰው ምንም ሳያውቀው ራሱን ይስታል።

ደግነቱ ጫጩት ለማሞቅ ከሰል አያስፈልግም። ነርሲንግ ስንማር አዲስ የተወለደ ሕፃን ሙቀቱን የሚያጣባቸው 4 መንገዶች እንዳሉ ተነግሮናል፤ ቀዝቃዛ ነገር ላይ ሲተኛ፣ ነፋስ ሲመታው፣ እርጥብ ሆኖ ሲቆይ እና ቀዝቃዛ ግድግዳ አጠገብ ሲሆን። ጫጩትም የሚበርደው በእነዚሁ ነው። ስለዚህ ዋናው ነገር ከራሱ ገላ የሚወጣው ሙቀት እንዳያመልጥ መከልከል ነው። በዚህ መንገድ የሚሠራውን የድርቆሽ ሳጥን የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም አጥንተውታል።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ሳጥን ያዘጋጁ፤ ጣውላም ካርቶንም ይሆናል። ትንሹን ትልቁ ውስጥ ያስገቡና በዙሪያውና ከሥሩ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ደረቅ ጭድ ወይም ድርቆሽ ይሙሉ። ሙቀቱን የሚይዘው በጭዱ መሀል ያለው አየር ስለሆነ አይጠቅጥቁት። ጭዱ ከረጠበ ግን ሥራውን ያቆማል። ለክዳን ጭድ የተሞላ የጆንያ ትራስ ይበቃል። ላስቲክ ግን አያልብሱት፤ ጫጩቶቹ ይታፈናሉ። በሁለቱ ጎኖች ላይ፣ ከጫጩቶቹ ራስ ከፍ ብሎ፣ ጣት የሚያስገቡ ቀዳዳዎች ይብሱ። ወለሉ ላይ ደረቅ ጭድ ይጎዝጉዙ እንጂ ጋዜጣ ብቻ አያንጥፉ፤ ያንሸራትታቸውና እግራቸው ይከፈታል። ሳጥኑን ከሲሚንቶው ወለል ከፍ አድርገው ከበርና ከመስኮት ያርቁት።

ጫጩቶቹ ጥቂት ከሆኑ ወይም ገና የቀናት ዕድሜ ካላቸው የራሳቸው ሙቀት ብቻ ላይበቃ ይችላል። በሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውኃ ሞልተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው በአንድ ጥግ ያስቀምጡላቸው። የፈላ ውኃ ፕላስቲኩን ስለሚያጣምመው ትንሽ ይብረድ። ሌሊት አንድ ሁለት ጊዜ መቀየር ያስፈልጋል።

በቂ ሙቀት ማግኘታቸውን ራሳቸው ይነግሩዎታል። ተደራርበው የሚጮኹ ከሆነ በርዷቸዋል። አፋቸውን ከፍተው የሚያለከልኩና ከጠርሙሱ የሚሸሹ ከሆነ ሞቋቸዋል። ተዘርግተው በጸጥታ ከተኙ ተስማምቷቸዋል። ቀን ቀን ወደ ፀሐይ ያውጧቸውና የረጠበውን ጭድ ይቀይሩ። ሳጥኑን ሲከፍቱ ሽታው ዓይን የሚያቃጥል ከሆነ የአየር ቀዳዳው አንሷል ወይም ጭዱ ቆሽሿል ማለት ነው።

አያቶች ደግሞ አንድ ነገር አደራ። የልጅ ልጆቻችን ጫጩት ማቀፍ ይወዳሉ። ጤነኛ የሚመስል ጫጩት ግን ሳልሞኔላ የተባለውን ተቅማጥና ትኩሳት የሚያመጣ ተሕዋስ ይዞ ሊሆን ይችላል። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በዓይናቸው ይዩ እንጂ አይንኩ። ሌሎቹም ከነኩ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ሳጥኑም ከማድ ቤትና ከመኝታ ክፍል ይራቅ።

ከሰል በገባበት ቤት ውስጥ ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማስመለስ የጀመረው ሰው ካለ ሁሉንም ወዲያውኑ ወደ ውጭ ያውጡና ኦክስጅን ወዳለበት ጤና ተቋም ይውሰዱ። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ሆነ ሎሚ በአፉ አይሰጥም፤ ያንቀዋል።

ድርቆሹና ካርቶኑ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ከአንድ ከሰዓት በላይም አይፈጅም። ጫጩት ለመግዛት ያሰበ ሰው ሳጥኑን አስቀድሞ ሠርቶ ይጠብቅ።